ታካሚው ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ? የዶክተር ኮድማን ጥያቄና ያስከፈለው ዋጋ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ የነበሩ ትልልቅ ሆስፒታሎች በየዓመቱ በሚያሳትሙት ሪፖርት ስንት ታካሚ እንደተኛ፣ ስንት ሰው እንደሞተና ምን ያህል ገንዘብ እንደወጣ በዝርዝር ይገልጹ ነበር፤ በእግሩ ሄዶ የወጣው ታካሚ ከዓመት በኋላ ወደ ሥራው መመለስ አለመመለሱን፣ ሕመሙ አገርሽቶበት እንደሆነ ወይም ጨርሶ እንደዳነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሪፖርቱ ማወቅ አይቻልም ነበር። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን (1869–1940 እ.ኤ.አ.) የሙያ ዕድሜውን የሰጠው ይህ ክፍተት እንዲሞላ ነው።

ኮድማን ሥራን በመዝገብ መለካት የጀመረው ገና የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ነበር። በዚያ ዘመን ለቀዶ ሕክምና የቀረበውን ሰው በኢተር፣ ማለትም በትነቱ በሚያደነዝዝ ፈሳሽ፣ የማስተኛቱ ኃላፊነት ልምድ በሌላቸው ተማሪዎች ላይ ይጣል ነበር። በ1894 እሱና ኋላ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ስሙ የገነነው ጓደኛው ሃርቪ ኩሺንግ ማን የተሻለ ማደንዘዣ እንደሚሰጥ ሲፎካከሩ፣ የታካሚውን የልብ ምትና አተነፋፈስ ቀዶ ሕክምናው እስኪያበቃ ድረስ እየተከታተሉ በወረቀት ላይ ማስፈር ጀመሩ። መዝገብ የሌለው ሐኪም መሻሻሉን የሚለካው በትዝታው ነው፤ ትዝታ ደግሞ ለባለቤቱ ያዳላል።

ከዚህ ተነሥቶ «የመጨረሻ ውጤት» ብሎ የሰየመው አሠራር ለመረዳት ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ካርድ ይዘጋጃል፤ በካርዱ ላይ ታካሚው ሲመጣ የታየበት የሕመም ምልክት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የገመተው በሽታ፣ የታቀደው ሕክምና፣ በሆስፒታሉ ሳለ የገጠመው ተጨማሪ ችግርና ሲወጣ የተረጋገጠው በሽታ ይጻፋል፤ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ታካሚው ተፈልጎ ያለበት ሁኔታ በዚያው ካርድ ላይ ይሰፍራል። ሕክምናው የታሰበውን ውጤት ካላስገኘ ለምን እንዳላስገኘ መጻፍ ግዴታ ነበር። ጉድለቱ የመጣው ከዕውቀት ወይም ከክህሎት ማነስ፣ ከውሳኔ ስሕተት፣ ከእንክብካቤ ወይም ከመሣሪያ ጉድለት፣ በሽታውን በትክክል ካለመለየት፣ ወይስ ከበሽታው አለመበገርና ከታካሚው እምቢታ? ምክንያቱ እንዲህ ተለይቶ ሲቀመጥ፣ በቀጣዩ ዓመት የተደረገው ለውጥ ያንን ጉድለት መቀነስ አለመቀነሱን ማነጻጸር ይቻላል።

ኮድማን በሚሠራበት በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ግን የሐኪሞች ዕድገት በአገልግሎት ዘመን እንጂ በውጤት አይወሰንም ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት ሲያጣ በ1911 የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፈተ፤ በ1914ም የቀድሞ ሥራውን ለቀቀ። እስከ 1916 ድረስ ከራሱ ሆስፒታል የወጡትን 337 ታካሚዎች ተከታትሎ 123 ስሕተቶችን መዘገበ፤ መዝገቡንም በራሱ ወጪ አሳትሞ ለሌሎች ሆስፒታሎች ላከ። ገቢው በዝናው ላይ የተመሠረተ ሐኪም የገዛ ስሕተቱን ቆጥሮ ለሕዝብ ማቅረቡ ዛሬም ቢሆን ብርቅ የሆነ ድፍረት ነው።

በጥር 1915 በመራው የቦስተን ሐኪሞች ስብሰባ ላይ ግን ድፍረቱ ከሰሚዎቹ ትዕግሥት በላይ ሆነ። ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ የወርቅ እንቁላል የምትጥል ሰጎን የተሣለችበትን ትልቅ የካርቱን ሥዕል ገለጠ፤ ሰጎኗ እውነቱን ሳይጠይቅ የሚከፍለውን የከተማዋን ባለጸጋ፣ እንቁላሉን የሚለቅሙት ደግሞ ሐኪሞቹንና የሃርቫርድን የሕክምና ትምህርት ቤት ያመለክቱ ነበር። ከሊቀ መንበርነቱ እንዲወርድ ተጠየቀ፤ የሃርቫርድ መምህርነቱንም አጣ።

ሐሳቡ ግን በ1913 በተመሠረተው የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ውስጥ ሥር ሰድዶ ነበር። ኮሌጁ የተሟላ የታካሚ መዝገብን፣ የሐኪሞችን ወርኃዊ የግምገማ ስብሰባና የላቦራቶሪ አገልግሎትን የመሳሰሉ ዝቅተኛ መስፈርቶች አውጥቶ 100 እና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ሲመረምር፣ መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ በጥቅምት 1919 በኒው ዮርክ ይፋ ሲሆን፣ የሆስፒታሎቹ ስም ዝርዝር ግን ከጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ምድጃ ውስጥ እንዲቃጠል ተደረገ፤ ከወደቁት መካከል በአገሪቱ አንቱ የተባሉ ሆስፒታሎች ይገኙ ነበርና። ታካሚው ሊያውቀው ይገባ የነበረውን ማቃጠል በምንም መመዘኛ ተገቢ አልነበረም።

ይሁንና ቁጥር በአደባባይ ሲወጣ ሊያሳስት ይችላል የሚለው ሥጋት መሠረት ነበረው። በ1863 ነርሷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ባሳተመችው የሆስፒታሎች መጽሐፍ ውስጥ የስታቲስቲክስ ሊቁ ዊሊያም ፋር ያሰናዳው ሠንጠረዥ በ24 የለንደን ሆስፒታሎች የሞት መጠን ከመቶ 90.84 እንደሆነ ያሳይ ነበር። ይህ የሆነው የዓመቱ ሟቾች በዓመቱ ለታከሙት ሁሉ ሳይሆን፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. በአልጋ ላይ ለተገኙት ብቻ ስለተካፈሉ ነው፤ አንድ አልጋ በዓመት ብዙ ሰው ስለሚያስተናግድ ስሌቱ ሞትን እጅግ አጉልቶታል። በተጨማሪም የጠናባቸውን የሚቀበል ሆስፒታል ቀላል ሕመም ብቻ ከሚያክመው ጋር ያለ ማስተካከያ ቢወዳደር፣ የተሻለ ሥራ እየሠራ የከፋ ሊመስል ይችላል። የአንድ ሐኪም ታካሚዎች ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ አጋጣሚና መሻሻል አይለዩም።

ለዚህ የመጨረሻ ችግር ኮድማን ራሱ በ1920 መፍትሔ አበጀ። ሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ነቀርሳ ብርቅ በመሆኑ አንድ ሐኪም የሚያየው ታካሚ ለንጽጽር አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ ኮድማን ከተለያዩ ሆስፒታሎች የታካሚዎችን ታሪክ፣ የራጅ ፊልምና የዕጢ ናሙና የሚያሰባስብ መዝገብ አቋቋመ። እያንዳንዱ ናሙና እንደ ጄምስ ዩዊንግና ጆሴፍ ብላድጉድ ባሉ ባለሙያዎች ይመረመር፣ ታካሚውም በሕይወት መኖር አለመኖሩ በየጊዜው ይጠየቅ ነበር፤ ስለ በሽታው ምርመራና ሕክምና ይሰጥ የነበረው አስተያየትም ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሆስፒታሎች በተሰበሰበ ማስረጃ የሚፈተን ሆነ።