ዕድሜ ጠገብ መኪና ሲጋጭ የመድን ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

በጎንደርም ሆነ በደሴ ጎዳናዎች ባለቤቶቻቸው እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብቋቸው አሮጌ ቮልስዋገኖች ዛሬም ይታያሉ። የዚህች መኪና ምርት በጀርመን እ.ኤ.አ በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ቆሟል። በመሆኑም አንድ ፓራፋንጎ ሲጨረማመት ትልቁ ጥያቄ መኪናዋ መቼ ትጠገናለች የሚለው አይደለም፤ ዋጋዋ እንዴት ይተመናል የሚለው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው በመኪናው የተጎዳውን ሌላ ወገን እንጂ የባለቤቱን መኪና አይደለም። ብዙዎች ይህን የሚረዱት ከአደጋው በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። የራስ መኪና እንዲካስ ሙሉ ሽፋን መግባት ያስፈልጋል። ጥፋተኛው ሌላው አሽከርካሪ ከሆነ ጥያቄው ለእርሱ መድን ሰጪ ሊቀርብ ይችላል።

አደጋ ሲደርስ ለትራፊክ ፖሊስና ለመድን ድርጅቱ ሳይዘገዩ ያሳውቁ፤ የጉዳቱንም ፎቶግራፍ ያንሱ። የድርጅቱ ገምጋሚ ሳያይ ባትላሜራው መዶሻ እንዳያነሳ!

ዋናው ጉዳይ ግን የዋጋ ግምት ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት የንብረት መድን ካሳ፣ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። መኪናው የአባት ውርስ መሆኑ በገንዘብ አይተመንም። በሌላ በኩል ከዓመታት በፊት በተጻፈ ዝቅተኛ ግምት ውሉን እያደሱ መቆየትም ያከስራል። ለምሳሌ በገበያ 600 ሺህ ብር የሚያወጣ መኪና በ300 ሺህ ብር ብቻ መድን ተገብቶለት ቢሆን፣ 100 ሺህ ብር ለሚፈጅ ጥገና የሚከፈለው ግማሹ፣ ማለትም 50 ሺህ ብር ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተመለከተው የባለቤቱ ድርሻ ይቀነሳል። ስለዚህ ውሉ በታደሰ ቁጥር ግምቱን ማስተካከል፣ የጥገና ደረሰኞችንና የመኪናውን ፎቶግራፎች ማስቀመጥ ይገባል። አረቦኑ ከፍ ማለቱ አይቀርም።

በአሮጌ ዕቃ ምትክ አዲስ ሲገጠም የእርጅና ቅናሽ ሊኖር ስለሚችል ውሉን አስቀድመው ያንብቡ። ዕቃው ከአገር ውስጥ ከጠፋ፣ ከሁለትና ከሦስት ጋራዦች የዋጋ ማቅረቢያ ይዞ መሄድ ለድርድር ይረዳል። የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ከተጠጋ ደግሞ ድርጅቱ እንደ ሙሉ ጉዳት ቆጥሮ ካሳውን ከፍሎ መኪናውን ሊረከብ፣ በኋላም በሪከቨሪ ጨረታ ሊሸጠው ይችላል። ከመኪናው መለየት የማይፈልግ ባለንብረት የቅሪቱ ዋጋ ከካሳው ተቀንሶ መኪናው እንዲቀርለት ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። የግምቱ ጣጣ በአሮጌ ትራክተርም ላይ ያው ነው፤ አርሶ አደሩ በእርሻ ወቅት ሥራ የፈታበትን ቀን ደግሞ ውሉ ካልሸፈነው ማንም አይክሰውም።

በቀረበው ግምት ካልተስማሙ "ሙሉ በሙሉ ተክሻለሁ" በሚለው ሰነድ ላይ አይፈርሙ። ቅሬታዎን በጽሑፍ መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ ካልተፈታም የመድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይችላሉ፤ የፍርድ ቤቱም በር ክፍት ነው።