ወረቀት የጠፋባቸው ባለሙያዎች



በረሖቮት የሚገኘው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ኮምፒውተር ለመሥራት ሲያስብ፣ በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ከአማካሪዎቹ አንዱ የነበሩት አልበርት አይንሽታይን አልተስማሙም። ፎን ኖይማን የተባሉት ሊቅ ግን ደገፉት። ሃምሳ ሺህ ዶላር ተመደበ፤ ከተቋሙ በጀት አምስት አንድ እጁ መሆኑ ነው።

በ1954 መሐንዲሱ ጄራልድ ኤስትሪን ከአሜሪካ መጥተው ሠራተኛ በጋዜጣ ማስታወቂያ ፈለጉ። ካመለከቱት ብዙዎቹ የትምህርት ማስረጃቸው በጦርነቱ የጠፋባቸው ነበሩ። ሆኖም ወረቀት የላችሁም ተብለው አልተመለሱም፤ ሙያቸውን የሚያውቅ ሰው መሰከረላቸው። (ከእኛስ ሱዳን በረሃ ላይ ወረቀቱ የቀረበት ስንት አለ!)

ቫይዛክ የተባለው ይህ ኮምፒውተር በ1955 ሥራ ጀምሮ እስከ 1963 አገለገለ። አሁን በተቋሙ ውስጥ ለዕይታ ቆሟል።