ዲኤስኤልአር እና ሚረርለስ ካሜራዎች

ዲኤስኤልአር እና ሚረርለስ ሌንሳቸው የሚቀያየር ሁለት የዲጂታል ካሜራ ዓይነቶች ናቸው። ልዩነታቸው የሚመነጨው ከሌንሱ ጀርባ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ አንድ መስታወት ነው። በዲኤስኤልአር ብርሃኑ በመስታወቱ ወደ ላይ ይታጠፍና በፔንታፕሪዝም በኩል ፎቶ አንሺው ዓይን ይደርሳል። ማንሻው ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፤ ሴንሰሩ ምስሉን እስኪቀበል ድረስም መመልከቻው ለቅጽበት ይጨልማል። ሚረርለስ መስታወት የለውም። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ በመመልከቻው የሚታየውም በትንሽ ስክሪን ላይ የሚወጣ ምስል ነው።

ኮዳክ በኒኮን ኤፍ3 ቦዲ ላይ የሠራው 1.3 ሜጋፒክስል ዲኤስኤልአር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሚረርለስ በፓናሶኒክ ጂ1 በ2008 ብቅ አለ፤ ሶኒ በ2013 በኤ7 ትልቅ ሴንሰር ወዳለው ፉል ፍሬም አሻገረው፤ ካኖንና ኒኮን በ2018 ተከተሉ።

ሁለቱን ለማነጻጸር ከኒኮን ዲ850 (2017) እና ዜድ7 (2018) የተሻለ ጥንድ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ዲኤስኤልአር ሌላው ሚረርለስ ሲሆን ሁለቱም 45.7 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ሴንሰር አላቸው። በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ሌንስ የተነሱ ፎቶዎቻቸውን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «የትኛው ጥሩ ፎቶ ያነሳል?» የሚለው የገዢዎች የዘወትር ጥያቄ ለምርጫ አይጠቅምም። የሚለያዩት በአጠቃቀም ነው። ዲ850 ከነባትሪው 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ዜድ7 675 ግራም ነው። በካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ግን ዲ850 በአንድ ቻርጅ 1,840 ፎቶ ሲያነሳ ዜድ7 የሚያነሳው 330 ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ መብራት በሌለበት ለቀናት ጭላዳ ለሚያነሳ ሰው ይህ ከክብደቱ ይበልጣል።

በፎከስ በኩል ሚረርለስ ይመረጣል። የዲኤስኤልአር የፎከስ ሴንሰር ከመስታወቱ ሥር ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ፣ ጥቂት እንኳ ከቦታው ከተዛነፈ ፎከሱ ከዓይን አልፎ ጆሮ ላይ ያርፋል። የዲ850 153 የፎከስ ነጥቦችም መሐል ላይ የተሰበሰቡ ናቸው፤ የዜድ7 493 ነጥቦች ግን የምስሉን 90 በመቶ ያዳርሳሉ። ለጀማሪ ደግሞ ፎቶው ሊጨልም ወይም ሊነጣ እንደሆነ ከማንሳቱ በፊት በሚረርለስ መመልከቻ ማየቱ ትልቅ ትምህርት ነው።

የሚረርለስ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ድምፅ የለውም፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ለሚያነሳ ባለሙያ ይህ ብቻውን ሊበቃው ይችላል። ይሁንና አብዛኞቹ ሴንሰሮች ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነቡ ፈጣን እንቅስቃሴ ይጣመማል፣ በአንዳንድ አምፖሎች ሥርም ጥቁር መስመር ይወጣል። ችግሩን ከሥሩ የፈታው ሙሉ ሴንሰሩን በአንድ ጊዜ የሚያነበው ሶኒ ኤ9 3 (2023) ነው።

ከቦዲው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ሌንስ ነውና፣ ምርጫውም ከዚያ ቢጀምር ይሻላል። በኒኮን ዲኤስኤልአር ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዜድ ካሜራዎች ግን 16 ብቻ። በመሐል አዳፕተር ስለሚገባ የድሮው ሌንስ ለአዲሱ ካሜራ ይሠራል፤ የዜድ ሌንስ ግን ለዲ850 አይሆንም። የኒኮን አዳፕተር ሞተር ስለሌለው፣ በቦዲው ሞተር የሚሽከረከሩ አሮጌ ሌንሶች ላይ ፎከሱ በእጅ ይሆናል።

አዲስ ካሜራ ለሚገዛ ሚረርለስ ይመከራል፤ ካኖንና ኒኮን አዳዲስ ሌንሶቻቸውን የሚያወጡት ለእሱ ነው። ገንዘብ ላጠረው ጀማሪ ግን ያገለገለ ዲኤስኤልአር ገዝቶ የተረፈውን ሌንስ ላይ ማዋል ብልህነት ነው። ከመግዛት በፊት ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የዲ850 ሹተር የተፈተነው ለ200,000 ጊዜ ነው።