የምጣድ ሥር ሳል

አርብ ገበያ ላይ እናቴን ሰው የሚለያት በሳሏ ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ኩበትና ቅጠል በሚጨስበት ጎጆ እንጀራ ጋግራለች።

በአጼ ምኒልክ ዘመን አገር የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶ ችግርን ሲያቃልል፣ ጭሱ እንዳለ ቀረ። ቅጠሉ ደግሞ መድኃኒት ሆነ፦ እናቶቻችን ቀቅለው ይታጠኑታል። የታፈነ አፍንጫን ያቀል ይሆናል፤ የጠበበ የሳንባ ቧንቧ የሚያሰፋው ግን ሳልቡታሞል የተባለው የሚሳብ መድኃኒት ነው። እሱም ለዓለም ገበያ የወጣው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከጭስ የመጠበቅን ምክር እስከ ጓዳችን አደረሰው። እኛም ማዕድ ቤቱን ከመኖሪያው ለየን፤ መስኮት አወጣንለት። እናቴ አሁን ገበያ ስትሄድ ዳገቱ ላይ ቆም ትላለች፤ በአፍንጫዋ ስባ፣ ከንፈሯን አሹላ ቀስ ብላ ታስወጣለች። «ዳገቱ የትም አይሄድ፣ ምን አስቸኮለኝ!» ትለኛለች።