የባሕር ላይ ቁማርና የነጥብ ድርጎ

መርከብና ዕጣ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበው መጽሐፈ ዮናስ እንደሚያስረዳን፣ ማዕበል የተነሣባቸው መርከበኞች ይህ መከራ በማን ምክንያት እንደ መጣባቸው ለማወቅ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕጣውም በነቢዩ ላይ ወደቀ። እነዚያ ሰዎች ዕጣ የጣሉት ግን ከሞት ለመዳን ነበር። በኛ ዘመን በባሕር ላይ ዕጣውን የሚሞክረው ሰው ማዕበል አላስገደደውም፤ አልጋው ተነጥፎ፣ ማዕዱ ተሰናድቶ፣ መጠጡ ተቀድቶ ይጠብቀዋል፤ ለቁማር ባዋለው ገንዘብ መጠን ነጥብ ይመዘገብለታል፤ ነጥቡ ሲከማችም ለሚመጣው ጊዜ ሌላ የባሕር ጉዞ በነፃ ይሰጠዋል። ይህ ሥርዓት ከምን ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ለመረዳት ወደ አሜሪካ ዳርቻዎች መሻገር ያስፈልጋል፤ ዘመኑንም ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1930ዎቹ የካሊፎርኒያ ሕግ የቁማር ቤትን ይከለክል ስለ ነበረ፣ የግዛቲቱም ሥልጣን ከዳርቻዋ ከ3 የባሕር ማይል አያልፍም ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፣ ብልሃተኞች አሮጌ መርከቦችን እየገዙ ከዚያ ወሰን ጥቂት አለፍ አድርገው መልሕቅ ይጥሉባቸው ጀመር። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በ1938 በሳንታ ሞኒካ ፊት ለፊት የቆመው ሬክስ ነው። ባለቤቱ ቶኒ ኮርኔሮ፣ መጠጥ በተከለከለበት ዘመን አረቄ በድብቅ በማስገባት የታወቀ ሰው፣ ሸራ ተሸካሚ የነበረውን አሮጌ መርከብ ወደ ካዚኖ ለውጦ በጋዜጣ በይፋ አስነገረ፤ እንግዶቹም ከወደቡ ድልድይ በትንንሽ የሞተር ጀልባዎች እየተጫኑ ሌሊትና ቀን ይመላለሱ ነበር። ሬክስ ወደ የትም አይጓዝም። መርከብ መባሉ ለሕግ ብቻ ነበር፤ ሥራው አንድና አንድ፣ እርሱም ቁማር ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ በርስዋ ላይ ይቆማልና።

በ1939 ነሐሴ ወር የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ኧርል ዋረን፣ ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አለቃ የሆነው፣ የቁማር መርከቦቹን ሁሉ ያዙ ብሎ ፖሊሶችን በጀልባ ሰደደ። ሌሎቹ ወዲያው እጃቸውን ሲሰጡ ኮርኔሮ ግን የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ አስመዝዞ ፖሊሶቹን በውኃ እየረጨ ከመርከቡ ጥግ አባረራቸው፤ በዚህም ሁኔታ ከአንድ ሳምንት በላይ ከተከላከለ በኋላ እጁን ሰጠ። ሳቅ የሚያጭረው የጀልባው ግጥሚያ ቢሆንም ቁም ነገሩ ያለው በፍርድ ቤቱ ክርክር ነው። ኮርኔሮ የሳንታ ሞኒካ ውኃ ዳርቻው ጥቂት የጎበጠበት ገላጣ ባሕር እንጂ ባሕረ ሰላጤ አይደለም፣ ስለዚህም 3ቱ ማይል ከአሸዋው ይቈጠር ሲል፤ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ባሕረ ሰላጤ ነው፣ ስለዚህ ወሰኑ ከአንዱ ርእሰ ምድር እስከ ሌላው ርእሰ ምድር ከሚሰመረው መስመር ይጀምር ሲል ተሟገቱ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ባሕረ ሰላጤ ነው ብሎ ስለ ፈረደ ሬክስ የቆመበት ውኃ ሁሉ የካሊፎርኒያ ሆነ።

ሰውዬው ተስፋ አልቈረጠም፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ሉክስ የተባለ ሌላ መርከብ በሎንግ ቢች ፊት ለፊት አቆመ። በዚህ ጊዜ ግን ነገሩ ወደ ዋሽንግተን ደርሶ በ1948 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የቁማር መርከብ ሕግ በፕሬዚዳንት ትሩማን ፊርማ ጸና። የሕጉ ቃል በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ የከለከለው ቁማር ያለበትን መርከብ ሁሉ ሳይሆን በዋናነት ለቁማር የሚያገለግለውን መርከብ ነው። እንግዲህ ከዚህ ሕግ ለማምለጥ የሚሻ ሁሉ መንገዱ ተጠቁሞለታል ማለት ነው፤ መርከቡ በእውነት ይጓዝ፣ አልጋና ማዕድ ይኑረው፣ ቁማሩም ከተድላው ሁሉ አንዱ ክፍል ብቻ ሆኖ ይታይ። ኮርኔሮ ራሱ ወደ የብስ ተመልሶ በላስ ቬጋስ ስታርደስት የተባለውን ታላቅ ሆቴል ያሠራ ጀመር፤ ነገር ግን ሥራው ሳይፈጸም በ1955 በሌላ ካዚኖ ዳይ ሲጥል ሳለ ወድቆ ሞተ።

መንገዱን የተከተሉት ሌሎች ናቸው። ከ1958 ጀምሮ የጄት አውሮፕላን የአትላንቲክን ውቅያኖስ በጥቂት ሰዓት ያቋርጥ ስለ ጀመረ፣ መንገደኛ ከአህጉር ወደ አህጉር ያደርሱ የነበሩት ታላላቅ መርከቦች ሥራ ፈቱ፤ ባለቤቶቻቸውም የሚያደርሱት ሰው ቢያጡ የሚያዝናኑትን ሰው ፈለጉ። በ1966 ሰንዋርድ የተባለው መርከብ ከማያሚ ወደ ካሪቢያን የሽርሽር ጉዞ ጀመረ፤ በ1972 ደግሞ ቴድ አሪሰን የካናዳ መንገደኛ መርከብ የነበረውን ገዝቶ ማርዲ ግራ ብሎ ሰየመውና የካርኒቫልን ኩባንያ መሠረተ። ማርዲ ግራ በመጀመሪያው ጉዞው ከማያሚ ወደብ ገና እንደ ወጣ አሸዋ ላይ ተቀመጠ። አጀማመሩ እንዲህ ቢሆንም ኩባንያው ሰውን የሚማርከው የሚደረስበት ወደብ ሳይሆን መርከቡ ራሱ ነው የሚል አዲስ አሳብ ይዞ ተነሣ፤ በባሕር ላይ የሚያሳልፈው ሰዓት በረዘመ ቍጥርም ካዚኖው ክፍት የሚሆንበት ሰዓት ይረዝማል። በወደብ ቆሞ ሳለ ካዚኖው የሚዘጋው የአገሩ ሕግ ስለሚገዛው ነው። መርከቦቹም የሚያውለበልቡት የፓናማን፣ የላይቤሪያን ወይም የባሃማን ሰንደቅ ዓላማ ስለ ሆነ፣ በ1951 የቁማር ማሽንን ማጓጓዝ ያገደው የአሜሪካ ሕግ የአሜሪካ ባንዲራ ያላቸውን መርከቦች ሲያስር እነርሱን አልነካቸውም፤ ለአሜሪካውያኑም መርከቦች እገዳው የላላው በ1992 ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መርከቡ ነው። ነጥቡ ግን የመጣው ከየብስ፣ ያውም ከቁማር ቤት ሳይሆን ከሸቀጥ መደብር ነው። ከ1896 ጀምሮ ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የተባለው ኩባንያ ለየመደብሩ አረንጓዴ ቴምብር ይሸጥ ነበር፤ ባለመደብሩም ቴምብሩን ለገዢው በግዢው መጠን ይሰጠዋል፤ የቤት እመቤት ቴምብሩን በደብተር እየለጠፈች ደብተሩ ሲሞላ በድስት ወይም በብርድ ልብስ ትለውጠዋለች። በ1981 የአሜሪካን አየር መንገድ ይህንኑ ልማድ ወደ ሰማይ አውጥቶ የበረሩትን ርቀት መመዝገብ ጀመረ፤ የኛም አየር መንገድ ሼባማይልስ የሚለው የዚሁ ዘር ነው። ካዚኖዎች ግን ቀድሞም ቢሆን ለታላላቅ ቁማርተኞች ድርጎ ይሰፍሩ ነበር። በ1960ዎቹ በላስ ቬጋስ ብዙ ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ወጪ በካዚኖው ባለቤት ይሸፈንለት ነበር፤ የድርጎውንም መጠን የሚወስነው የጠረጴዛው አለቃ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ጽፎ ነው። ሳንቲም እየጨመረ የማሽን እጀታ የሚስበውን ተራ ሰው ግን ማንም አይመዘግበውም ነበር።

ይህን የለወጠው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአትላንቲክ ሲቲ የተጀመረው የማሽን ተጫዋቾች ማኅበር ነው። ተጫዋቹ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል፤ ብዙዎች ካርዱን በተጠማዘዘ ገመድ ከልብሳቸው ጋር አያይዘው በማሽኑ አፍ ሲሰኩት ያለፈውን ሳንቲም ሁሉ ማሽኑ ራሱ ይቈጥራል። ሃራስ የተባለው ኩባንያ በ1997 በልዩ ልዩ ከተማ ያሉትን ካዚኖዎቹን ሁሉ በአንድ መዝገብ ሲያገናኝ፣ አስተናጋጁ በፊት ከመልክ ያውቀው የነበረውን እንግዳ ከዚህ በኋላ ያወቀው ከመዝገብ ነው።

ይህ መዝገብ ወደ መርከብ ሲገባ ከየብሱ የተሻለ ማደሪያ አገኘ። በመርከብ ላይ የክፍሉ በር የሚከፈትበት፣ መጠጥ የሚታዘዝበትና ቁማር የሚመዘገብበት ካርድ አንድ ነው፤ እንግዳውም ወጥቶ ወደ ሌላ ካዚኖ የሚሄድበት ጎዳና የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶውን የሄደ ክፍል ተመልሶ የማይሸጥ ዕቃ ነው፤ መርከቡ ከወደብ ከተነሣ በኋላ የዚያ ክፍል ዋጋ ጠፍቷል። ስለዚህ ኩባንያው ባዶ ክፍሉን ለቁማርተኛ ቢሰጠው የሚጎድልበት የምግብና የአንሶላ አጠባ ያህል ሲሆን፣ ተቀባዩ ግን በመቶዎች ዶላር የሚገመት ስጦታ እንደ ተቀበለ ያስባል። ሰጪው ጥቂት አውጥቶ ተቀባዩ ብዙ ያገኘ የሚመስለው እንዲህ ያለ ስጦታ በንግድ ዓለም ብዙ አይገኝም፤ የብልሃቱን ረቂቅነት ሳላደንቅ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል።

ሥርዓቱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። የሮያል ካሪቢያን ኩባንያ ክለብ ሮያል በተባለው ደንቡ ማዕረጎቹን በአራት ከፍሎ ቾይስ፣ ፕራይም፣ ሲግኔቸርና ማስተርስ ብሏቸዋል። በተለመደው የቁማር ማሽን 5 ዶላር ሲያልፍ 1 ነጥብ፣ በቪዲዮ ፖከር ግን 10 ዶላር ሲያልፍ 1 ነጥብ ይቈጠራል፤ የፖከሩ ተጫዋች ብልህ ከሆነ ለቤቱ የሚተወው ጥቂት ነውና። ፕራይም ለመባል 2,500፣ ሲግኔቸር ለመባል 25,000፣ ማስተርስ ለመባል 100,000 ነጥብ ያስፈልጋል። ባለ 2,500ው ሰው እንግዲህ በማሽኑ 12,500 ዶላር አሳልፏል ማለት ነው፤ ይህም ሁሉ ከኪሱ ወጣ ማለት አይደለም፤ ያሸነፈውን መልሶ ሲያስገባ ያው ዶላር ደግሞ ደጋግሞ ይቈጠራልና። ማሽኑ ከመቶው 10 ያስቀራል ብንል ግን የኪሱ ጉድለት 1,250 ዶላር ገደማ ይሆናል። ባለ 100,000ው ደግሞ 500,000 ዶላር ማሳለፉ ነው። ለፕራይም በካዚኖው ውስጥ ነፃ መጠጥና በዓመት አንድ ጊዜ መስኮት የሌለው ክፍል፣ ለሲግኔቸር ባለ ሰገነት ክፍል፣ ለማስተርስ ሰፊ ባለ ብዙ ክፍል ማረፊያ ይሰጣል።

በጠረጴዛ ጨዋታ ነጥቡን የሚወስነው ሰው ነው። አለቃው የተጫዋቹን አማካይ መደብና የቆየበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ከዚያም መደቡ በሰዓት በሚጣለው ዕጣ ቍጥር፣ በሰዓቱ ብዛትና በቤቱ ብልጫ፣ ማለት ካዚኖው ከመደቡ በአማካይ በሚያስቀረው እጅ፣ ይባዛል። ለምሳሌ ሁለት ዜሮ ባለበት የሩሌት መንኰራኵር ላይ በየዙሩ 10 ዶላር እየመደበ፣ በሰዓት 40 ዙር፣ 5 ሰዓት የተቀመጠ ሰው 2,000 ዶላር አስመድቧል፤ የቤቱ ብልጫ ከመቶ 5.26 ስለ ሆነ 105 ዶላር ያህል እንደ ጠፋበት ይገመታል። በዚያች ሌሊት በእውነት ይትረፍ ወይም ይክሰር መዝገቡ አይጠይቅም። የሚሸለመው እንደ ዕድሉ ሳይሆን ወደፊት እንዲከስር እንደሚጠበቀው መጠን ነው፤ ያሸነፈ ሰው ስጦታ ሲቀበል ቤቱ ተሸንፎም ቸር ነው ብሎ ቢያስብ እንግዲህ ተሳስቷል።

የሐዋርያት ቀኖና ቁማርንና ስካርን የሚያዘወትር ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ወይ ይተው ወይ ከማዕረጉ ይሻር ሲል ሁለቱን ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ያጣመረው በከንቱ እንዳልሆነ የካርኒቫል መርከቦች ልማድ ይመሰክራል፤ በዚያ በቂ ነጥብ ላገኘ ተጫዋች በካዚኖው መጠጥ ቤት የሚጠጣው በነፃ ይሆንለታል። የሰከረ ሰው እንዴት እንደሚመድብ ማንም ያውቃል።

ወደ ሮያል ካሪቢያን ደንብ ስንመለስ፣ ከማዕረጉ ሌላ ሁለተኛ ሒሳብ አለ። ይኸኛው የአንዲቱን ጉዞ ነጥብ ብቻ ለይቶ ይቈጥራል፤ በጉዞውም መጨረሻ ለተጫዋቹ ለሌላ ጉዞ የሚሆን የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ነፃ ቢልም የወደቡን ግብርና የአገልጋዮቹን ጉርሻ እንግዳው ራሱ ይከፍላል። ማዕረጉ ደግሞ እንደ ጥንቱ ሹመት ዘላቂነት የለውም፤ ዓመቱ ከሚያዝያ 1 ጀምሮ መጋቢት 31 ቀን ሲዘጋ ነጥቡ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ጥቂት የጎደለው ሰው ሹመቱን ላለማጣት በመጋቢት ሌላ መርከብ ይሳፈራል።

እዚህ ላይ የ1948ቱን ሕግ ስናስታውስ ነገሩ እንዴት እንደ ተገለበጠ እናያለን። ሕጉ ዋናው ሥራው ቁማር የሆነውን መርከብ ሲከለክል፣ የሽርሽሩ መርከብ አልጋውንና ማዕዱን አስቀድሞ ቁማሩን ተከታይ አድርጎ አለፈ፤ ነጥቡ ሲመጣ ግን ለአንድ ወገን ተሳፋሪ አልጋውም ማዕዱም የቁማሩ ተከታይ ሆኑ። የየብሱና የባሕሩ መዝገብም ተገናኝተዋል፤ ከ2010ዎቹ ጀምሮ በላስ ቬጋስ በኤምጂኤም ካዚኖዎች ከፍ ያለ ማዕረግ የያዘ ሰው በሮያል ካሪቢያን መርከብ ክፍል ይሰጠው ጀመር። የአሜሪካን ባንዲራ ይዞ በሃዋይ ደሴቶች መካከል የሚመላለሰው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ በግዛቲቱ ሕግ ምክንያት ካዚኖ የለውም፤ ነጥብ ለሚሰበስበው ሰው ባሕሩና ተራራው ቢያምርም እንዲህ ያለው ጉዞ ሒሳቡን አይሞላለትም። ሌሎቹ መንገደኞች ለሽርሽር በሚጠባበቁት በወደብ ቀን ደግሞ ካዚኖው ስለሚዘጋ፣ እርሱ መርከቡ መልሕቁን እስኪያነሣ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።