«ጃጁ» ከማለታችን በፊት

በቋንቋችን ሰውን ከነሕይወቱ የሚቀብር አንድ ቃል አለ። «ጃጁ» እንላለን፤ በቃ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ቢናገሩ የሚያዳምጣቸው፣ ዝም ቢሉም ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ታዲያ ይህ ቃል ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ጆንያ ከቶ እንደሚያስር ስንቶቻችን አስበነዋል? አንደኛው አእምሮን ቀስ በቀስ የሚያዳክመው የመርሳት በሽታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድባቴ፣ ማለትም ልብን የሚያጨልመው ጽኑ የሐዘን በሽታ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሐኪሞቹ ራሳቸው ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

እ.አ.አ. በ1901 አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት ከተማ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባች። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ስሟን ቢጠይቃት «አውጉስተ» አለችው። የባልሽስ? አሁንም «አውጉስተ»። እርሳስና ቁልፍ ሲያሳያት በትክክል ጠራች። የአሳማ ሥጋና አበባ ጎመን እየበላች ምን እንደምትበላ ስትጠየቅ ግን «ስፒናች» ብላ መለሰች። በ1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ በነርቭ ሕዋሶቿ ውስጥ የተቋጠሩ ክሮች፣ በመካከላቸውም የተጠራቀመ ዝቃጭ አገኘ። በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያቀርበው አንድ ጥያቄ እንኳ ያነሳለት አልነበረም። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው።

ዳሩ ግን ይህ ስም ለአዛውንቱ አልደረሳቸውም። ሳያረጁ ለታመሙት ብቻ ተሰጠና የሽማግሌው መርሳት «የእርጅና ነገር ነው» ተብሎ ታለፈ። እነሱም በራሳቸው ቋንቋ «ጃጁ» ብለው ዝም አሉ ማለት እኮ ነው!

ይህን ዝምታ ካናጉት አንዱ ማርቲን ሮት ነበር። በ1955 ባወጣው ጥናት እንግሊዝ አገር ግሬሊንግዌል ሆስፒታል የገቡትን 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሕሙማን መዝገብ አገላብጦ መጨረሻቸውን ተከታተለ። በእርጅና የመርሳት በሽታ ከገቡት አብዛኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተዋል፤ በድባቴና በመሰል ሕመም ከገቡት ግን አብዛኞቹ ከሆስፒታሉ ወጥተዋል። እንግዲህ እርጅናው አንድ ሆኖ ሳለ ዕጣቸው ተለያየ። በ1961 ደግሞ ሌስሊ ካይሎ የመርሳት በሽታ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ያልሆነ ሁኔታ እንዳለ ጻፈ፤ ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱም ድባቴ ነበር። በ1976 ሮበርት ካትዝማን የአዛውንቱ መርሳትና የአውጉስተ በሽታ አንድ መሆናቸውን ተከራከረ። ስለዚህ መርሳቱም ቢሆን ተራ እርጅና ሳይሆን በሽታ መሆኑ ታወቀ።

መለያው ምንድን ነው? ቻርልስ ዌልስ በ1979 እንዳመለከተው፣ በድባቴ የተያዘው ሰው መርሳቱን አጥብቆ ያማርራል፤ ሲጠየቅም «አላውቅም» ብሎ ይተወዋል። የመርሳት በሽተኛው ግን ጉድለቱን ለመሸፈን ይጥራል፤ ልክ እንደ አውጉስተ ለእውነቱ የቀረበ ስሕተት ይመልሳል። ይህ ጠቋሚ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ፤ በስተርጅና የሚመጣ ድባቴም አንዳንዴ የመርሳት በሽታ መቅድም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ድባቴው የተሻላቸውም ቢሆኑ ክትትል ያሻቸዋል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የመርሳት በሽታን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ድባቴ ግን በመድኃኒትም፣ በምክርም፣ በሰው አጠገብ በመሆንም ይታከማል። ባላቸውን ቀብረው ከምግብም ከጨዋታም የራቁትን እናት «ጃጁ» ብለን ጓዳ ስናስቀምጣቸው፣ ሊድን የሚችለውን ሕመም እንዳይድን እያደረግነው ይሆናል። አልዛይመር ያደረገው የመጀመሪያ ነገር አጠገቧ ተቀምጦ መጠየቅ ነበር። ለዚህ ደግሞ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።