ቁርቁራ፦ የሳንጃ ቆላ እሾኻም ዛፍ

የመተማ ስም ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን 1881 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሱዳኑ የድርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ዓመት። ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚያ ጦርነት አስቀድሞ በመተማና በሳንጃ ቆላ የኖረን አንድ ዛፍ ነው።

ከጎንደር ቁልቁል ወደ ሳንጃ የወረደ ሰው፣ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው ቁርቁራን ማየት ይጀምራል። እስቲ ቅርንጫፉን ቀረብ ብለን እንየው። በየቅጠሉ ሥር እሾሁ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንደኛው ቀጥ ያለ፣ ሁለተኛው እንደ መንጠቆ የተቆለመመ። ቀጥ ያለው ይወጋል፤ ቆልማማው ልብስ ከያዘ አይለቅም። ፍሬው ሲበስል ከቢጫነት ወደ ቡናማነት ያደላል። ሥጋው ስስ ነው፤ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ ቆምጠጥ ይላል። መሐሉ ላይ ጥርስ የማይደፍረው ፍሬ አለ፤ ልጆች ሥጋውን መጥጠው እሱን ይተፉታል።

ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ነበቅ ይሉታል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1850ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አትባራንና ገባሮቹን ተከትሎ ሲያስስ ይህን እሾኻም ዛፍ በዚሁ ስሙ ጽፎታል። ከገባሮቹ አንዱ ከጎንደር ደጋ የሚነሳው አንገረብ ነው። የፍሬው ታሪክ ግን ከቤከር እጅግ ይርቃል። በ1915 ዓ.ም. በተገኘው የፈርዖን ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ከስንቁ ጋር የቁርቁራ ፍሬ ነበረበት፤ ከተቀበረ 3,000 ዓመት አልፎታል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. የዛፉን ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «የክርስቶስ እሾህ» አለው፤ የእሾህ አክሊሉ ከዚህ ዛፍ ተጎነጎነ የሚል ትውፊት ስላለ። ቅጠሉ ደግሞ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል፤ ሙስሊሞች ሟቻቸውን ሲያጥቡ ውኃው ውስጥ የሚጨምሩት ሲድር ይኸው ነው። መተማ ላይ በጦርና በጎራዴ የተገናኙት ሁለቱ ወገኖች፣ በየእምነታቸው ያከበሩት አንድ ዛፍ ነበር።

ዛሬ የቆላው ጫካ ለሰሊጥ እርሻ እየተመነጠረ ነው፤ የተረፈውም ለአጥርና ለማገዶ ይቆረጣል። ያሳዝነኛል። ቁርቁራ በበጋ፣ ሣሩ ሁሉ ሲደርቅ፣ ለፍየልና ለግመል ቅጠል የሚሰጥ ዛፍ ነው። ማሳ ዳር ሳይቆረጥ የቀረ ካለ፣ ቀትር ላይ ገበሬውም ከብቱም ከሥሩ ይጠለላሉ።